የቆዩ እርሻዎችንና የገጠር መልክዓ ምድርን ፎቶ ማንሳት፦ ደረጃ በደረጃ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ፎቶ ማንሳትን መተዳደሪያቸው ሳያደርጉ በትርፍ ጊዜያቸው ካሜራ ይዘው ወደ ገጠር ለሚወጡ፣ በተለይም የቆዩ የእርሻ ቤቶችን፣ ጎተራዎችን፣ በረቶችንና በዙሪያቸው ያለውን መልክዓ ምድር በምስል ማስቀረት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ከመኪና ወርዶ መንገድ ዳር በመቆም የዘመመ ጎተራ ማንሳት ለማንም አይከብድም። ሆኖም እንዲህ የተነሱ ፎቶዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ስለ ቦታውም የሚናገሩት ጥቂት ነው። እርሻ ለጌጥ የተሠራ ስፍራ አይደለም። እያንዳንዱ ግድግዳ፣ በርና ቦይ አንድ ሥራ እንዲያቃልል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ሥራውን ያልተረዳ ፎቶ አንሺ የት መቆም እንዳለበት ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፤ እሱም በጥድፊያ አሥር እርሻ ከማዳረስ አንዱን መርጦ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ አሠራሩን ተረድቶ ደጋግሞ መመላለስ ይሻላል የሚል ነው።

ርዕሰ ጉዳዩ ከፎቶግራፍ ጥበብ ጋር እኩያ ነው። እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየውን የመጀመሪያውን የካሜራ ምስል ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 ከገጠር ቤቱ የፎቅ መስኮት ሆኖ ሲያነሳ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረው የግቢው ሕንፃዎች፣ የእርግብ ቤቱና የጣሪያዎቹ ቅርጽ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምስሉ ሰሌዳው ላይ እስኪታተም ረጅም ሰዓታት ስለፈጀ ፀሐይ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ዞራ በሁለቱም ወገን ያሉትን ግድግዳዎች አብርታቸዋለች። በዛሬው ካሜራ ይህ አይደርስብንም፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከየት ወገን እንደሚመጣና መቼ እንደሚዞር መከታተል አሁንም የሥራው ግማሽ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ እርሻውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ሥራዎ በጣም የሚያምረውን ሳይሆን በቀላሉ የሚመላለሱበትን እርሻ ይምረጡ። ጎሕ ሳይቀድ መድረስ፣ ከዝናብ በኋላ ቶሎ መሄድ፣ ደመናው ካልተመቸም ያለ ቁጭት መመለስ የሚችሉት ቦታው ቅርብ ሲሆን ነው። ከቅርበቱ ቀጥሎ የሚታየው በግቢው ውስጥ ያሉት ነገሮች ስብጥር ነው። አንድ ትልቅ ጎተራ ብቻ ካለበት ስፍራ ይልቅ መኖሪያ ቤት፣ በረት፣ የመሣሪያ ማስቀመጫ፣ የውኃ ጉድጓድና የግጦሽ መስክ በአንድ ላይ የሚገኙበት እርሻ ለብዙ ወራት የሚበቃ ሥራ ይሰጣል። እርሻው ገና የሚሠራበት ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ነገሩ ሁሉ ለምን እንደተሠራ የሚነግርዎ ሰው በቦታው አለ ማለት ነው።

ከመሄድዎ በፊት የሳተላይት ካርታ ከፍተው የሕንፃዎቹን አቅጣጫ ይመልከቱ። የትኛው ግድግዳ የጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ የትኛው የማታ እንደሚያገኝ፣ የትኛውም ቀኑን ሙሉ በጥላ እንደሚውል አስቀድመው በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ። ፀሐይ የምትወጣበት ነጥብ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ፣ በአንዱ ወር በጥላ ውስጥ የነበረ ግድግዳ ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሉ ብርሃን ሊያገኝ ይችላል። የቆየ ካርታ ወይም የአየር ፎቶ ካገኙ ደግሞ ዛሬ የጠፉ መንገዶችንና የፈረሱ ሕንፃዎችን ያሳይዎታል፤ በመስኩ ላይ ብቻውን የቆመው የዛፍ መስመር የቀድሞ መንገድ ዳር እንደነበረ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ካርታ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማስፈቀድ

ሰው የማይኖርበት እርሻ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። አጥሩ ወድቆ፣ ሣር ወርሶት፣ ጣሪያው ተከፍቶ ቢያዩትም መሬቱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ያለ ፈቃድ መግባት በብዙ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ ነውር ነው። ባለቤቱን ለማግኘት የቅርብ ጎረቤትን መጠየቅ ይቀላል። ሲሄዱ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጡ ቀርበው ሰላምታ ይስጡ፤ ማን እንደሆኑና ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ ይናገሩ። «ከመንገድ ላይ ሆኜ ጎተራዎን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቢፈቅዱልኝ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ሕንፃዎቹን ፎቶ ባነሳ ደስ ይለኛል፤ ሥራዎን አላስተጓጉልም፤ ካነሳሁትም አትሜ አመጣልዎታለሁ» ማለት ይበቃል። በመከር ወይም በዘር ጥድፊያ መካከል ለመጠየቅ አይሂዱ፤ እምቢታው የሥራው ብዛት እንጂ የሰውዬው ክፋት ላይሆን ይችላል።

ፈቃድ ካገኙ በኋላ ሦስት ነገር ሳይጠይቁ አይግቡ። እነሱም የማይረገጠው መሬት የት እንደሆነ፣ የማይቀርቡት እንስሳ ካለ የትኛው እንደሆነ፣ ክፍት ጉድጓድ ወይም የበሰበሰ ወለል የት እንዳለ ነው። ፎቶውን ለመሸጥ ወይም ለማሳተም ካሰቡ ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ተናግረው ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል፤ የንብረትና የሰው ምስል ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ያሉበትን አገር ደንብ ማየት የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መሣሪያ

በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብርሃኑንና ጊዜውን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ማንኛውም ካሜራ ይበቃል፤ ጥሩ ስልክም ለመጀመር አያንስም። በሌንስ በኩል ለሕንፃና ለግቢ ከ24 እስከ 35 ሚሊሜትር ያለው (ሰፊ ሌንስ)፣ ለሩቅ ኮረብታና ለማሳ መስመር ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለው (ረጅም ሌንስ) አብዛኛውን ሥራ ይሸፍናሉ። ገንዘብዎ ለአንድ ተጨማሪ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሌላ ሌንስ አይግዙ፤ የማይወላወል ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይግዙ። በጎሕና በጎተራ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዚህ ሌላ የፖላራይዘር ማጣሪያ (ሌንስ ላይ ተገጥሞ ብልጭታን የሚቀንስ መስታወት)፣ ትርፍ ባትሪ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። ወፍራም ጫማም የመሣሪያው አካል ነው፤ ዝገት የበላው ሚስማር ቀጭን ሶል በቀላሉ ይበሳል።

ካሜራዎ በጥሬ ፋይል፣ ማለትም በሮው፣ ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ ይህን ያብሩ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 ይይዛል፤ ልዩነቱ ገዝፎ የሚታየውም ደማቅ ሰማይና ጨለማ በር በአንድ ምስል ውስጥ ሲገናኙ ነው፤ ይህ ደግሞ እርሻ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ሳያነሱ መዞር

የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ትተው እርሻውን በእግር ይዙሩ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የፎቶው ጥራት የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የገጠሩን ችግር በፎቶ የሚመዘግብ ክፍል አቋቁሞ ዶሮቴያ ላንግንና ዎከር ኢቫንስን የመሳሰሉ አንሺዎችን አሰማርቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሮይ ስትራይከር ካርል ማይዳንስ የተባለው ፎቶ አንሺ ጥጥ ሊያነሳ ወደ ደቡብ ለመሄድ ሲነሳ ስለ ጥጥ ምን እንደሚያውቅ ጠየቀው። ብዙ እንደማያውቅ ሲረዳም ጉዞውን አስቀርቶ ስለ ጥጥ እስከ ሌሊት ድረስ ሲያስረዳው አመሸ። ይህ ክፍል ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ ትቶ ያለፈ ሲሆን፣ ምስሎቹ እስከ ዛሬ የሚጠቅሙት አንሺዎቹ የሚያዩትን ነገር ለይተው እንዲያውቁ በመደረጋቸው ጭምር ነው።

ሲዞሩ በእያንዳንዱ ነገር ፊት ቆመው «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙ ይነግርዎታል። ለምሳሌ በአውሮፓ የቆዩ የመውቂያ ጎተራዎች ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰፋፊ በሮች አሏቸው። ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ሲከፈቱ ነፋሱ በመካከል እያለፈ እህሉን በሚያዘሩበት ጊዜ ገለባውን ይወስደዋል። ይህን ያወቀ ሰው ሕንፃውን ከውጭ ከጥግ በኩል አንስቶ አይመለስም፤ ከአንደኛው በር ፊት ለፊት ቆሞ ወለሉን አቋርጦ በሁለተኛው በር የሚታየውን ማሳ ጨምሮ ያነሳል፤ ፎቶውም የነፋሱን መንገድ ያሳያል። በሰሜን ስፔን ደግሞ ኦሬዮ የሚባሉ ጎተራዎች በእግር ላይ ከፍ ብለው ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ እግር ራስ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚደረገው አይጥ ወደ ላይ እንዳይወጣ ለማገድ ነው። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ቆመው በዓይንዎ ቁመት ቢያነሱት ድንጋዩ ከጥላው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ ተንበርክከው ካሜራውን ወደ መሬት ሲያስጠጉት ግን ድንጋዩ ከወለሉ ተለይቶ ከጀርባው ባለው ብርሃን ላይ ጎልቶ ይወጣል። የድርቆሽ ማከማቻ ግድግዳ ላይ ያሉት ጠባብ ክፍተቶችም ሠሪው ስለሰነፈ የቀሩ አይደሉም፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ እየጋለ ራሱን እስከ ማቃጠል ስለሚደርስ አየር እንዲዘዋወር የተተዉ ናቸው። ረፋድ ላይ ከውስጥ ሆነው ሲያዩ የብርሃን ጨረር የሚገባውም በእነዚሁ ክፍተቶች ነው።

ዞረው ሲጨርሱ የግቢውን ንድፍ በደብተርዎ ላይ ይሳሉ፤ የሰሜኑን አቅጣጫ፣ የሕንፃዎቹን ስምና አገልግሎት፣ ለማንሳት ያሰቡትን ነጥብና ብርሃኑ የሚመችበትን ሰዓት ያስፍሩበት።

አምስተኛ ደረጃ፦ ብርሃኑን መጠበቅ

የቆየ እንጨትና ድንጋይ ባሕርይው ያለው በሻካራነቱ ላይ ነው። ብርሃን ከጀርባዎ በቀጥታ ሲመጣ እያንዳንዱ ስንጥቅ የሚጥለው ጥላ ከዓይን ይሰወርና ግድግዳው እንደ ወረቀት ይለጠጣል። ከጎን ተጋድሞ ሲመጣ ግን ግድግዳው ሁሉ ይነበባል። በሳንቃ የተሠራ ግድግዳ ፊት ማቆሚያዎን ተክለው ፀሐይ ከጥግ በኩል ስትዞር ይከታተሉ። መጀመሪያ ከሳንቃው ከፍ ብለው የቀሩት የሚስማሮች ራስ ብቻ ብርሃን ይይዝና ጥላቸው ይረዝማል፤ ቀጥሎ የእንጨቱ ጭረት መስመር በመስመር ይወጣል፤ ከዚያ ዝናብ ከየሚስማሩ ሥር ያወረደው የዝገት ጠባሳ ቀልቶ ይታያል፤ በመጨረሻ ፀሐይዋ ግድግዳውን ፊት ለፊት ስትመታው ያ ሁሉ ዝርዝር ይከስማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራው ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ ፎቶ ይውሰዱና የሚሻለውን በኋላ ይምረጡ።

ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ6 ዲግሪ ገደማ በታች ያለችበት ጊዜ ብርሃኑ ሞቅ ያለና የለሰለሰ ነው። የጊዜው ርዝመት ግን በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ 6 ዲግሪውን በ24 ደቂቃ ያህል ትጨርሰዋለች፤ ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ መጠን መንገዷ ስለሚያጋድል ጊዜው እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ በወገብ አቅራቢያ የሚሠራ ሰው ማቆሚያውን ተክሎ፣ ፎከሱን አስተካክሎ ጨርሶ ፀሐይዋን መጠበቅ ይኖርበታል፤ ከወጣች በኋላ ቦታ ልፈልግ ቢል ብርሃኑ ያመልጠዋል።

የደመና ቀን ደግሞ አይናቅ። ከ1959 ጀምሮ በጋራ የሠሩት ጀርመናውያን ባልና ሚስት በርንትና ሂላ ቤሸር የእንጨት ማገር ያላቸውን የቆዩ ቤቶችና የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ሲያነሱ ሆን ብለው ጥላ የማይጥል የደመና ብርሃን ይመርጡ ነበር፤ ካሜራቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፊት ለፊት፣ ሁሉንም በተመሳሳይ መንገድ ስላነሷቸው ሕንፃዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል። በአንድ አካባቢ ያሉትን ጎተራዎች ወይም በሮች በተከታታይ ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አያገኝም። ዝናብ ሲያባራም ቶሎ መውጣት ጥሩ ነው፤ የረጠበ እንጨትና ድንጋይ ቀለሙ ይጠልቃል። ብልጭታው ካስቸገረ ፖላራይዘሩን እያዞሩ ይቀንሱት፤ ማጣሪያው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን እንደሚወስድ ግን አይርሱ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ወይም በእጥፍ መጨመሩ ነው። ይኸው ማጣሪያ ሰማዩን የሚያጠቁረው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ላይ በመሆኑ በሰፊ ሌንስ ሲጠቀሙበት የሰማዩ አንድ ወገን ብቻ ጠቁሮ ያስቀይማል።

ጭጋግ የተዝረከረከ ግቢን ለማንሳት ይመቻል፤ ከጀርባ ያለውን የኤሌክትሪክ ምሰሶና አዲስ ቤት ሸፍኖ የቅርቡን ነገር ብቻ ይተውልዎታል። ካሜራው የጭጋጉን ንጣት ወደ ግራጫ ስለሚያወርደው ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይጨምሩ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሕንፃውንና መስኩን መቅረጽ

ለመልክዓ ምድር ጥሩ መነሻ የሚሆነው አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን የመንቃት መጠን) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 8 ወይም 11 እና ካሜራው በማቆሚያ ላይ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ወደ ኤፍ 22 መሄድ ጥራት ይጨምራል ብለው አያስቡ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ስለሚበተን ምስሉ በጠቅላላው ይለሰልሳል። ከእግርዎ ሥር ካለው ትልም እስከ ሩቁ ኮረብታ ድረስ ሁሉም ጠርቶ እንዲታይ ከፈለጉ፣ ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው 36 በ24 ሚሊሜትር ያህል የሆነ) በ24 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 11 ፎከሱን 1.8 ሜትር ገደማ ላይ ሲያደርጉት ከ0.9 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። በእጅ ይዘው የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ የሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ቢያንስ የሌንሱን ርዝመት ያህል ይሁን፤ በ200 ሚሊሜትር ከ1/200 ሰከንድ በታች አይውረዱ።

ሕንፃ ሲያነሱ ካሜራውን ወደ ላይ ካቀኑት ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ። የዘመመ ጎተራ ላይ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ተመልካቹ የዘመመው ሕንፃው ይሁን ካሜራው መለየት አይችልም። ካሜራውን ልኩን ጠብቀው ወደ ኋላ ይራቁና የማያስፈልገውን የፊት መሬት በኋላ ይቁረጡ፤ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጉ።

መስኩን በተመለከተ፣ ማሳ ከመሬት ሆነው ሲያዩት ጠባብ መስመር ነው፤ ቅርጹ የሚገለጠው ከፍ ካለ ስፍራ ነው። ከተዳፋት ላይ ሆነው በረጅም ሌንስ ሲያነሱ የትልሞቹ መስመር፣ የአጥሩ ዙርና የዛፎቹ ረድፍ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ርቀታቸው ይጠብና አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል። የደመና ጥላ በመስኩ ላይ ሲሄድ ሕንፃው ላይ ብርሃን፣ ከጀርባው ባለው ኮረብታ ላይ ጥላ እስኪያርፍ ይታገሱ። ሰማዩ ባዶ ከሆነ አድማሱን ወደ ላይ ገፍተው መሬቱን ያብዙት፤ ባዶ ሰማይ የፎቶውን ግማሽ እንዲይዝ የሚያደርግ በቂ ምክንያት የለም።

ከነዚህ ነጥቦች አንዱን መርጠው በየወቅቱ ከዚያው ቦታ ያንሱ። ማቆሚያው የቆመበትን ድንጋይ፣ የካሜራውን ከፍታና የሌንሱን ርዝመት በደብተር ይመዝግቡ፤ የቀድሞውን ፎቶ በስልክዎ ይዘው ይሂዱና በፍሬሙ ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ነገሮች እያነጻጸሩ ቦታውን ያስተካክሉ። እርሻው ሲታረስ፣ ሲበቅል፣ ሲታጨድና ጦም ሲያድር ከአንድ ነጥብ የተነሱት አራት ፎቶዎች አንድ የሚያምር የመከር ፎቶ ብቻውን የማይነግረውን ይናገራሉ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ዝርዝሩንና የሕንፃውን ውስጥ ማንሳት

እንግሊዛዊው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1844 ካነሳቸው ምስሎች መካከል እስከ ዛሬ በብዛት የሚታየው በተከፈተ በር ላይ የተደገፈ መጥረጊያ ነው። መጥረጊያው ባይኖር ምስሉ የድንጋይ በር ብቻ ይሆን ነበር፤ መጥረጊያው ግን አሁን ሊመለስ ያለ ሰው አስቀምጦት የሄደ ያስመስለዋል። በእርሻ ላይም የሰው እጅ የነካውን ነገር ይፈልጉ። የበረቱን መቀርቀሪያ ቀርበው ቢያዩት ዳርና ዳሩ ሻካራና ግራጫ ሆኖ መካከሉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚይዘው ስፍራ ብቻ ወዝ ጠጥቶ ያብረቀርቃል፤ ከጎኑ ባለው መቃን ላይም መቀርቀሪያው እየተመላለሰ የፈገፈገው ቦይ አለ። እንዲህ ያለውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ከቅርብ፣ በኤፍ 8 ገደማ ያንሱት። ዕቃዎችን ለፎቶ ሲባል ከቦታቸው አያንሱ፤ ማጭዱ በተሰቀለበት፣ ቀንበሩ በተጋደመበት ይቆይ። ዕቃው የሚገኝበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው።

የሕንፃውን ውስጥ ማንሳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨለማው ጥግና ፀሐይ የመታው በር በብርሃን ብዙ ስቶፕ ስለሚራራቁ አንድ ፎቶ ሁለቱንም ላይዛቸው ይችላል። መጀመሪያ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይቁሙ፤ ያን ጊዜ ከገቡ በኋላ ወዲያው ያላዩዋቸው ነገሮች መታየት ይጀምራሉ። ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አድርገው አይኤስኦ 100 እና ኤፍ 8 ይምረጡ፤ ከዚያ ሸተሩን ብቻ እየቀያየሩ በመካከላቸው የሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት ያላቸውን ሦስት ፎቶዎች ያንሱ፤ ለምሳሌ 1/2 ሰከንድ፣ 2 ሰከንድና 8 ሰከንድ። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፣ ማለትም የኤፍ ቁጥሩን) አይንኩ፤ የጠራው ክልል ይለዋወጣል። በጣትዎ ሲጫኑ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን ይጠቀሙ፤ በእንጨት ወለል ላይ ከሆኑም ሸተሩ እስኪዘጋ እግርዎን አያንቀሳቅሱ። ሦስቱን በኋላ በፕሮግራም ማዋሐድ ይቻላል፤ ነገር ግን ጨለማውን ሁሉ አብርተው አይጨርሱት፤ ጎተራ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ፎቶውም ይህን ሊያሳይ ይገባል። ፍላሽም ቢሆን ሻካራነቱን ስለሚያጠፋና አቧራውን ነጭ ነጠብጣብ ስለሚያደርገው ባይጠቀሙበት ይመረጣል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሰዎችና እንስሳት

በሥራ ላይ ያለን ገበሬ ለማንሳት ከሥራው ጋር ይራመዱ እንጂ «እዚህ ይቁሙልኝ፣ ወደዚህ ይመልከቱልኝ» እያሉ አያስቁሙት። ሥራው የሚደጋገም እንቅስቃሴ ስላለው ጥቂት ዙር ካዩ በኋላ መንሹ ከፍ የሚልበትን፣ በሬዎቹ የሚዞሩበትን ነጥብ አስቀድመው ያውቁታል፤ በዚያ ነጥብ ላይ ፎከስ አድርገው ይጠብቁ። እንቅስቃሴውን ለማስቆም 1/500 ሰከንድ ይበቃል። ሕፃናትን ያለ ወላጅ ፈቃድ አያንሱ።

እንስሳትን ከፊት ወይም በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ከጎን በኩል በዝግታ ይቅረቡ፤ ጥጃዋን ከያዘች ላምና ከወይፈን ይራቁ። ድሮን ከብት ያስደነብራል፣ የፈሩ ከብቶችም አጥር ይሰብራሉ፤ ባለቤቱ ካልፈቀደና የአገሩ ደንብ ካልፈቀደ አያስነሱ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ለራስና ለእርሻው መጠንቀቅ

ይህን ደረጃ ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከሌሎቹ ስለሚያንስ አይደለም። የበሰበሰ ወለል ከላይ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ መግባት ግድ ከሆነ ወለሉ ከሥሩ ካለው ወራጅ ጋር የተመታበትን የሚስማር መስመር ይከተሉ፤ ፎቁ ላይ ግን ባይወጡ ይሻላል። ሣር የሸፈነው ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ ሥር የቆየ ጉድጓድ ሊኖር ስለሚችል አይርገጡት። የአይጦች ሽንትና ዐይነ ምድር፣ እንዲሁም የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ አቧራ ሳንባን ለከባድ በሽታ ሊዳርግ ስለሚችል ወለል አይጥረጉ፤ በደንብ የሚገጥም የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። ብቻዎን ከሄዱ የት እንዳሉና መቼ እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ይንገሩ።

የአጥር በር ተከፍቶ ካገኙት ክፍት፣ ተዘግቶ ካገኙት ዝግ አድርገው ይተዉት። በማሳ ውስጥ በዳሩ በኩል ይሂዱ። ከአንድ እርሻ ወደ ሌላ ሲያልፉ የጫማዎንና የማቆሚያዎን ጭቃ አጥበው ያጽዱ፤ የከብት በሽታ በጭቃ ይተላለፋል። በ2001 በብሪታንያ የአፍተግር በሽታ በተነሳ ጊዜ የገጠር የእግር መንገዶች በሰፊው ለሕዝብ ዝግ የተደረጉት በዚሁ ስጋት ነበር።

ዐሥረኛ ደረጃ፦ መምረጥ፣ መመዝገብና ማስቀመጥ

ወደ ቤት ሲመለሱ ፋይሎቹን ያውርዱ፤ የካርዱን ይዘት ከመሰረዝዎ በፊት ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፤ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ምርጫውን ግን በዚያው ዕለት አያድርጉ። ከሳምንት በኋላ የድካሙ ትዝታ ሲቀንስ ፎቶውን ብቻ ያያሉ። በማስተካከሉ ሥራ መጀመሪያ አድማሱንና ቀጥ ያሉትን መስመሮች፣ ቀጥሎ ብርሃኑን፣ በመጨረሻ ቀለሙን ይንኩ። ዝገቱን ከዝገት በላይ አያቅሉት፤ ሰማዩንም ከሌላ ቀን አምጥተው አይቀይሩ፤ የቆየ እርሻ ፎቶ ነገ ማስረጃ ስለሚሆን እውነቱ ሊጠበቅ ይገባል።

ለእያንዳንዱ የተመረጠ ፎቶ መግለጫ ይጻፉ። ቀኑና ቦታው፣ ሕንፃው ለምን ያገለግል እንደነበረ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ባለቤቱ ያስታወሱት ነገር ካለ እሱም በፋይሉ መረጃ ውስጥ ይግባ፤ በደብተር ብቻ የቀረ መግለጫ ከፎቶው ጋር ይለያያል። ለሕዝብ በሚያወጡት ቅጂ ላይ ግን የጂፒኤስ መገኛውን ይሰርዙ፤ የቆዩ መሣሪያዎችና እንጨቶች ገበያ ስላላቸው ባዶ የሆነን እርሻ መገኛ ማሳወቅ ሌባ መጥራት ነው።

ቃል የገቡትን ህትመት ሳይዘገዩ ያድርሱ። 20 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም ፋይሉ 2,362 በ3,543 ፒክስል ያህል መሆን አለበት። ለባለቤቱ ከሚያምሩት ፎቶዎች ጋር ሰፋ ያለ የግቢውን ፎቶም ይጨምሩና አብረው ተቀምጠው ይዩት። ሰዎች በታተመ ፎቶ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ «እዚህ ጋ ሌላ በረት ነበር፤ ይህ በር ኋላ የተከፈተ ነው» እያሉ ሲነግሩ በቃል ስትጠይቋቸው ያላስታወሱትን ሁሉ ያነሳሉ። የሚሉትን ከፈቀዱ በስልክ ይቅዱ ወይም ወዲያው ይጻፉ፤ የጠቆሙትን ስፍራ በንድፍዎ ላይ ምልክት አድርገው በሚቀጥለው ጉብኝት መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ።